አውሮፕላን ከደጅ የሚያድርበት መንደርና የሐዋሳ ማኮብኮቢያ ዙሪያ

ሰውየው ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ በትንሽ የላስቲክ ብርጭቆ ጥቂት ነዳጅ ቀዳና ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ነዳጁ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ከሥር ተለይቶ እንደሚዘቅጥ፣ ቀለሙ የሚጨመርበትም አንዱ የነዳጅ ዓይነት ከሌላው እንዳይምታታ መሆኑን እያስረዳኝ ብርጭቆውን ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃ ገለበጠው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በገዛ ቤቱ፣ እኛ ዘንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ካደረበት ክፍል ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር ክፍት ስለነበር የቁርሱ ሽታ ከሞተር ዘይት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል።

ቦታው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ከዴይቶና ቢች ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኘው ስፕሩስ ክሪክ ነው። ኦርላንዶ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ የባለቤቷ የሥራ ባልደረባ ጠርቶን አንድ ቅዳሜ እዚያ ዋልን። እንዲህ ያለውን ሰፈር አሜሪካውያን ኤርፓርክ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ የአውሮፕላን መንደር እለዋለሁ። አውሮፕላን ያለው ነዋሪ ከቤቱ ጋር ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን ማደሪያ አለው፤ ከሃንጋሩ ደጃፍ የሚነሣው መንገድ ሳይቋረጥ እስከ ማኮብኮቢያው ይዘልቃል፤ በዚህም ምክንያት ከቁርስ ጠረጴዛው የተነሣ ሰው መኪና ሳይዝና ተርሚናል ሳይረግጥ ብዙም ሳይቆይ አየር ላይ ይሆናል። ስፕሩስ ክሪክ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ሲሆን ከ1 ሺህ በላይ ቤቶችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሃንጋሮች አሉት። ወደ 1,200 ሜትር የሚረዝመው ማኮብኮቢያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይል የተሠራ ነበር።

እኔ በዚያች ቅዳሜ ሐሳቤ የነበረው ሐዋሳ ነው። ከማኮብኮቢያ አጠገብ መኖርን ብዙው ሰው በሚሸሽበት ዓለም እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የመረጡት ለምንድን ነው? ጎረቤት ሳይጣላ፣ ሕፃን በመንገድ ሳይጎዳ፣ ማኮብኮቢያው ሳይዘጋ እንዴት አብረው ቆዩ? ከተማችን በየአቅጣጫው እየሰፋች ባለችበት በዚህ ጊዜ የጥያቄው መልስ ለእኛ ይጠቅመናል ብዬ ስለማምን ነገሩን ከሥሩ ለማየት እሞክራለሁ።

የአውሮፕላን መንደር የተወለደው ከጦርነቱ ማብቂያ ነው። አሜሪካ ጦርነቱን ስትጨርስ ለጦር ተሠርተው ሥራ የፈቱ በርካታ ማኮብኮቢያዎች፣ በጦርነቱ ጊዜ ማብረር የተማሩ እጅግ ብዙ ወጣቶችና በርካሽ የሚሸጡ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሯት። የመጀመሪያው የሚባለው ሲየራ ስካይ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ከተማ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሲ 47 አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አድርጓል። ሁለቱም ከአንድ ጦርነት የተረፈን ሀብት ለሰላም ያዋሉ ናቸው፤ አንዱ አገርን ከአገር ለማገናኘት፣ ሌላው ቤትን ከሰማይ። ዛሬ በዓለም ከ600 በላይ የአውሮፕላን መንደሮች ሲኖሩ አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ ናቸው። ከአፍሪካ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ፣ በሁድስፕሩይት ያለው ዛንድስፕሩይት በዱር እንስሳት መሐል የተሠራ እንዲህ ያለ መንደር ነው።

ስለ እነዚህ መንደሮች የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሰማው ስለ ተዋናዩ ጆን ትራቮልታ ነው፤ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ጃምቦሌር በተባለው መንደር ቦይንግ 707 ከቤቱ ደጅ አቁሞ ይኖር ነበር። ያ ግን ልዩ ሁኔታ ነው። በየቤቱ የሚታየው ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መቀመጫ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ሴስና 172 እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። ያረጀ ግን በደንብ የተያዘ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገኛል። አስተናጋጃችንም ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ መሐንዲስ እንጂ ባለጸጋ አልነበረም፤ አውሮፕላኑም በዕድሜ ከእሱ ብዙም አያንስም።

11 ሜትር ክንፍ በመንደር ውስጥ ሲንቀሳቀስ የመንደሩ መልክ ይለወጣል። በካሊፎርኒያው ካሜሮን ፓርክ መንገዶቹ 30 ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው፤ የመንገድ ምልክቶቹና የፖስታ ሣጥኖቹ ክንፍ እንዳይነካቸው ከጉልበት ብዙም ከፍ ሳይሉ ተተክለዋል። መንገዶቹ ራሳቸው በአውሮፕላን ፋብሪካዎች ስም ተሰይመዋል። ስፕሩስ ክሪክ ውስጥ አንዳንዱን መንገድ መኪናና አውሮፕላን ይጋሩታል፤ ቅድሚያው ሁልጊዜ የአውሮፕላኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አፍንጫው ሽቅብ የሆነ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ ከፊቱ ያለውን መሬት በደንብ አያይም፣ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም፣ የሚሽከረከረው ፕሮፔለርም ሰው ቢጠጋው አይምርም። ስንጓዝ ከፊታችን አንድ ቢጫ አውሮፕላን ብቅ ሲል የእህቴ ባለቤት መኪናውን ወደ ሣሩ አውጥቶ አቆመ። ብስክሌት የያዘች ልጅም ማንም ሳይነግራት ወርዳ፣ ብስክሌቷን ይዛ፣ ክንፉ እስኪያልፍ ጠበቀች። ልጅቷ ያን ሥርዓት የለመደችው መራመድ ከተማረችበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

እስካሁን የነገርኩት ለዓይን የሚታየውን ነው። መንደሩን የሚያቆመው ግን የማይታየው፣ በወረቀት ላይ ያለው ነው። እዚያ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ብቻ አይገዛም፤ የማኮብኮቢያው የጋራ ባለቤት የሆነ ማኅበር አባል ይሆናል፣ መዋጮ ይከፍላል፣ አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ማስጠገኛውን ይጋራል፣ ዛፉ ወደ አውሮፕላን መንገድ ካዘነበለ ይቆርጣል፣ ግቢውን በሚያቋርጠው የአውሮፕላን መንገድ ላይ አጥር ሊያቆም አይችልም። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እድርን የሚያውቅ ሰው ወርኃዊ መዋጮን፣ የጽሑፍ ደንብን፣ ደንብ አፍራሽን የሚቀጣ ሰብሳቢን ያውቃል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እድርተኛው ሰፈር ሲለቅ ግዴታው አብሮት ይሄዳል፣ እዚያ ግን ግዴታው የተጻፈው በመሬቱ ላይ ስለሆነ ቤቱን የገዛው፣ የወረሰው፣ በስጦታ ያገኘው ሁሉ ከነግዴታው ይረከበዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንድ መሬት ላይ ለሌላ መሬት ጥቅም ግዴታ እንዲጣል ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ ይደነግጋል፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የጋራ ንብረትን በማኅበር ማስተዳደር ምን እንደሚመስል ለከተማ ነዋሪ ሁሉ አስተምሯል። የሕግ መሣሪያው አለ ማለት ነው።

ተስማምቶ የመኖሩ ሚስጥርም ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሴስና ሞተር ድምፅ በፍሎሪዳ ከሌላው አገር አያንስም። ነዋሪውን ለድምፁ ታጋሽ ያደረገው አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ሰው ፈርሞ የገባበትን ድምፅና ሳይጠየቅ የመጣበትን ድምፅ በአንድ ጆሮ አይሰማቸውም።

ተቃራኒውን ማየት ነገሩን ያጎላዋል። በሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለው የሳንታ ሞኒካ አውሮፕላን ማረፊያ ዲሲ 3 የተሰኘው ታላቅ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣበት ነው፤ የእኛ አየር መንገድ ሥራ የጀመረበት ሲ 47 የእሱ የጦር ስሪት ነው። ያን የመሰለ ታሪክ ያለውን ሜዳ ቤቶች ቀስ በቀስ ከበቡት፤ ነዋሪውና ከተማው በድምፁና በአደጋ ስጋት ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ከተከራከሩ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2028 ማብቂያ ወዲያ ከተማው እንዲዘጋው እ.ኤ.አ. በ2017 ስምምነት ተደረሰ። በሳን ሆዜ ያለው ሪድ ሂልቪው የተባለ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በዙሪያው ያሉ ሕፃናት ደም ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከተጠና በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ እርሳስ ያለበትን ነዳጅ መሸጥ አቁሟል። ያ እርሳስ መጀመሪያ ላይ በብርጭቆ ያየሁት ሰማያዊ ነዳጅ ውስጥ ያለው ነው። በዓለም የመጨረሻው እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በአልጄሪያ መሸጡ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ግን እስካሁን አልተላቀቁትም፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ይህ ጭስ የሰውን ጤና ለአደጋ እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በይፋ ደምድሟል፣ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱና ኢንዱስትሪው ደግሞ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ነዳጁን ለመለወጥ ግብ ይዘዋል። ስለዚህ በአውሮፕላን መንደር መኖር ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር አይደለም። ለአስተናጋጃችን ይህን ሳነሣበት አልሸሸም፤ የልጅ ልጆቹ ሲመጡ ሞተሩን ከቤቱ ርቆ እንደሚያስነሣ ነገረኝ።

መንግሥታቸውም ቢሆን በነገሩ ላይ ሐሳቡ ጸንቶ አልቆየም። በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ማረፊያ አጥር ላይ አንድ ነዋሪ በር ከፍቶ አውሮፕላኑን ከቤቱ ወደ ማኮብኮቢያ እንዲያስገባ መፍቀድን የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአዲሶች ከልክሎ ነበር፤ በዓመቱ ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ክፍያና ደንብ ባለው ውል፣ ለትንንሾቹ ማረፊያዎች ብቻ ተፈቀደ። የክርክሩ ፍሬ ነገር የሕዝብ ንብረት ለጥቂቶች ግቢ መውጫ እንዳይሆን ነው። ይህ ስጋት ለእኛም ሊሠራ ይገባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከሳንታ ሞኒካ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ነገር አዲስ አበባ ላይ አስቀድሞ ታይቷል። ቦሌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ አየር መንገዳችን የሚነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬ እዚያ አካባቢ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ቀረ፣ የመንገደኛው በረራ ግን ወደ ቦሌ ሄደ። ቦሌም ሲሠራ ከከተማ ውጭ ነበር፤ አሁን ከተማው በሁሉም በኩል ደርሶበታል፤ 2,334 ሜትር ከፍታው በከባድ አውሮፕላኖች ጭነት ላይ ከሚያመጣው ገደብ ጋር ተዳምሮ አየር መንገዱ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ አዲስ ግዙፍ ማረፊያ እንዲያስብ አድርጎታል። አንዲት ከተማ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ማረፊያ ፈለገች ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ መዛወር ደግሞ መሬቱን የሚለቅ ገበሬ አለ።

የሐዋሳ ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሐይቁ በስተሰሜን ምዕራብ ነው። እስካሁን በአመዛኙ ሜዳ ነው የከበበው። እንግዲህ የአውሮፕላን መንደር እዚህ ሊታሰብ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ በተለይ ከውጭ አገር ተመላሽ የሆኑና በሪል እስቴት የተሰማሩ ሰዎች ሐሳቡን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። መልሴን በሦስት ነገር ላይ ላቁመው።

የመጀመሪያው አየሩ ነው። ፍሎሪዳ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳና አውሮፕላኑ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። የሳሳ አየር ሦስት ጊዜ ይቀጣል፤ ሞተሩ የሚያቃጥለው አየር ያንሰዋል፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ያንሰዋል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል። በባሕር ወለል ከ300 ሜትር በታች ተንደርድሮ የሚነሣው ሴስና 172 ሐዋሳ ላይ በሞቃት ቀን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ርቀት ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ሽቅብ መውጣቱ የዘገየ ስለሚሆን ከማኮብኮቢያው ጫፍ ያለ ዛፍና ፎቅ ፍሎሪዳ ላይ ከሚያሳስበው በላይ ያሳስባል። ነገሩ የማይቻል አይደለም፤ የናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከሐዋሳ ጋር በሚቀራረብ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ በአፍሪካ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሚበዙባቸው ማረፊያዎች አንዱ ነው።  ዊልሰንንም ቢሆን ከተማው ከቦታል።

ሁለተኛው ወፉ ነው። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በዓሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ያየ ሁሉ አባ ኮዳን ያውቀዋል፤ ከዓሣ አጥማጁ ክንድ በማይርቅ ቦታ አንገቱን ሰብሮ ቆሞ የዓሣው አንጀት እስኪጣልለት ይጠብቃል። ይህ ወፍ እስከ 9 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ በሚነሣው አየር ተንሳፍፎ በሰፊው ይዞራል። በአየር ላይ ከትንሽ አውሮፕላን መስተዋት ጋር ቢጋጭ የሚያደርሰውን መገመት አያስቸግርም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ወፍ የሚሰበስቡ የቆሻሻ መጣያዎችን የመሰሉ ቦታዎች ከማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በጥንቃቄ እንዲያዙ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። አባ ኮዳ የሐዋሳ ጌጥ ነው፤ ማንም እንዲያባርረው አልመኝም። የዓሣ ተረፈ ምርትና የከተማ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ግን የማዘጋጃ ቤት ብቻ ሳይሆን የበረራ ደኅንነት ጉዳይም ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ መሬቱ ነው። ለ1,200 ሜትር ማኮብኮቢያ ከግራና ቀኙ ክፍት ቦታ ጋር 150 ሜትር ስፋት ብንይዝለት አንድ ቤት ሳይሠራ 18 ሄክታር ይሄዳል። በሲዳማ እንሰቱንና ቡናውን ይዞ የሚኖረው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ለጥቂት ባለ አውሮፕላኖች መዝናኛ ያን ያህል ቤተሰብ ማስነሣትን የሚያስተካክል ካሳ አይታየኝም። አሜሪካኖቹ መንደራቸውን የጀመሩት ጦርነቱ ትቶላቸው በሄደው ባዶ ሜዳ ላይ ነበር፤ እኛ ግን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሜዳ የለንም። ስለዚህ መንደሩን ራሱን ወደ ሐዋሳ ማምጣትን አልደግፍም።

የምደግፈው ወረቀቱን ማምጣት ነው። ያለን ማኮብኮቢያ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው፤ የሚጠብቀን ሥራ ሰው ሳይፈርም ወደ እሱ እንዳይጠጋ ማድረግ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ለትልልቅ አውሮፕላኖች በመሣሪያ ለሚታረፍባቸው ማኮብኮቢያዎች በመግቢያው አቅጣጫ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ተዳፋት ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ይጠይቃል። ይህ ማለት ተዳፋቱ ከሚጀምርበት አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚፈቀደው ከፍታ 20 ሜትር ነው፤ ጂ ፕላስ 5 የሆነ ሕንፃ የጣሪያውን የውሃ ታንከር ሲጨምርበት ይደርስበታል። በዙሪያው በ4 ኪሎ ሜትር ክልል ደግሞ 45 ሜትር ጣሪያ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ የክፍለ ከተማ ባለሙያ እነዚህን ቁጥሮች ከጠረጴዛው ላይ ሊያገኛቸው ይገባል፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ፎቅ አፍርስ ማለት ለባለቤቱም ለመንግሥትም ጥፋት ነው።

የድምፁ ነገርም እንዲሁ። አሜሪካ የቀንና የሌሊት አማካይ ድምፅ ከ65 ዴሲቤል በሚበልጥበት ቦታ መኖሪያ ቤት ተስማሚ አይደለም ትላለች። የሐዋሳ በረራ ዛሬ ያን ያህል የበዛ አይደለም፤ ካርታ የሚሰጠው ግን ለዛሬ ብቻ አይደለም፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። በዚያ ዘመን ውስጥ በረራው ምን ያህል ሊበዛ እንደሚችል አስቦ በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች በኩል ያለውን መሬት ለእርሻ፣ ለመጋዘንና ለዝቅተኛ ሕንፃዎች ማቆየት ከአሁኑ የሚቻል ነው። እርሻው እርሻ ሆኖ ቢቀጥል ደግሞ ገበሬው አይነሣም፤ ማንም ሳይፈናቀል ማኮብኮቢያውን የሚጠብቅ ጎረቤት እሱ ራሱ ይሆናል፣ እህል የሚበዛበት ወቅት ወፍ እንዳያመጣ የሰብሉን ዓይነት ከግብርና ባለሙያ ጋር መምረጥ ከቻለ።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቤት የሚሸጥ ሰው ለገዢው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ በሕግ ታስገድዳለች፤ ማስታወቂያው ንብረቱ በማረፊያ ተጽዕኖ ክልል ውስጥ እንደሆነና ድምፅ፣ ንዝረት ወይም ሽታ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል። በሐዋሳም በሊዝ ውሉና በካርታው ላይ እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ቢጨመር የሚያስከትለው ወጪ የቀለም ብቻ ነው። «ይህ ቦታ ከሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የሕንፃው ከፍታ ከዚህ አይበልጥም፤ ባለይዞታው የአውሮፕላን ድምፅ መኖሩን አውቆ ተረክቧል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም የባለይዞታው ፊርማ። ስፕሩስ ክሪክ ላይ አስተናጋጃችን ቤቱን ሲገዛ የፈረመውን ሰነድ ከመሳቢያው አውጥቶ አሳይቶኝ ነበር፤ ወረቀቱ ጫፉ ታጥፎ ቢጫ ሆኗል፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የስሙ መጀመሪያ ፊደላት በእጁ ተጽፈዋል።